የአሥር አለቃ ልየው ጭልፋ

ጥር 14፣ ረቡዕ። ፍ/ሰላም።

ዛሬም ወረፋ። ከጧት ጀምሬ የሠራዊት ጉዳይ የሚያየው ጽ/ቤት በር ላይ ቆሜአለሁ። ከፊቴ አንድ እግራቸው የተቆረጠ ሽማግሌ፤ ከኋላዬ የጎረቤቷ ሠርግ መቅረቱን የምታወራ ሴት። ሙሽራው መንገድ ተዘግቶበት ዱርቤቴ ቀርቷል አሉ። ድግሱን የሌላ ቤት ለቀስተኛ በላው። የምጽፍበት መጽሔት አዘጋጅ ከአ.አ. እየደወለ የጥር ሙሽሮችን ጻፊ ይለኛል። የቱን ሙሽራ?

ስሚ ደብተሬ፣ ነገሩን በቅጡ ልንገርሽ። አጎቴ አሥር አለቃ ልየው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ቡሬ ዳር ባለው መንደራቸው ተኝተዋል። ጉበታቸው ነው። ሐኪሙ ወደ ቤት ውሰዷቸው ብሏል፤ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። የቀራቸው ጉዳይ አንድ ነው፦ ከሠራዊቱ የተሰናበቱበት ወረቀት ላይ ሜዳሊያቸው እንዲጻፍላቸው። ወረቀቱ «የሥራ ድርሻ፦ ወጥ ቤት» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። በድንበሩ ጦርነት ከእሳት ውስጥ ቁስለኛ በማውጣታቸው ደረታቸው ላይ የጀብዱ ሜዳሊያ መደረጉን አይናገርም።

ወጥ ቤት ቢባሉስ ምን አለበት ትይኝ ይሆናል። እዚህ አገር ወንድ ልጅ ጓዳ ገባ ከተባለ አለቀለት። ከዘመቻ ከተመለሱ ጀምሮ ስማቸው ጭልፋ ነው። አሥር አለቃ ጭልፋ። ልጆቻቸው የጭልፋ ልጆች እየተባሉ አደጉ፤ ነፍስ ሲያውቁ አገሩን ጥለው ሄዱ።

ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸውን የማነበው እኔ ነኝ። መጽሔት ላይ የምጽፈው እኔ ነኛ። ግን ማኅተም ካልመጣ ስለ ሜዳሊያው አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ ብለውኛል። ሰው ባዶ ወሬ ነው ብሎ ይስቃል። ሬሳዬ ላይ ሲሳቅ መስማት አልፈልግም አሉ።

«ሬሳ ይሰማል እንዴ አጎቴ?»

«የኔ ይሰማል።»

ወረፋዬ ደረሰ። ወረቀቱን ከበርበሬ ከረጢት አወጣሁት። መንገድ ላይ ማን አስቁሞ እንደሚፈትሽ፣ የትኛው ወረቀት በየትኛው ፈታሽ ዘንድ ኃጢአት እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ በላስቲክ ጠቅልለው በርበሬ ውስጥ ቀበሩት። ጸሐፊዋ ገለጥ ስታደርገው አስነጠሳት። ደግሞ አስነጠሳት። ደግ ልጅ ናት፤ እንባዋን እየጠረገች አስረዳችኝ። ወይ ሜዳሊያው ራሱ ከጀርባው ቁጥር ጋር ይቅረብ፣ ወይ አብሯቸው የዘመተ ሰው መጥቶ ይፈርም። እኔስ አምንሻለሁ እህቴ፣ አለች። የማያምንሽ ማኅደሩ ነው።

ጥር 16፣ ዓርብ። ቡሬ።

ሚኒባስ የለም። በባጃጅ፣ በእግር፣ ደግሞ በባጃጅ።

አጎቴ መደብ ላይ ጋቢ ተከናንበው። ዓይናቸው እርድ መስሏል። ምግብ አይወርድላቸውም፤ እትዬ ወጥ ሲሠሩ ግን ከመደቡ ሆነው ያዛሉ፦ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ እሳቱን ቀንሽው። እትዬ የአዊ ሰው ናቸው፤ ሲናደዱ የሚናገሩት በአዊኛ ነው። ምን እንዳሉ አልገባኝም፤ አጎቴ ግን ሳቁ። (ላንቺ ብቻ፦ የእሳቸው ወጥ ከእትዬ ወጥ ይበልጣል። ሲሠሩ ግን በር ተዘግቶ ነው።)

ሜዳሊያው የት አለ? አልኳቸው። ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ። ከዚያ ለገብርኤል ሰጠሁት አሉኝ።

ነገሩ ስለት ነው። እዚያ እሳት ውስጥ፣ የተሸከሙት ቁስለኛ ጀርባቸው ላይ ሲያቃስት፣ ይህን ልጅ በሕይወት ካወረድኩልህ ከዚህ ጦርነት የማገኘው ክብር ሁሉ ያንተ ነው ብለው ተሳሉ። ልጁ ተረፈ። ሜዳሊያው መጣ። አገር ሲገቡ በጨርቅ ጠቅልለው ለመንደሩ ገብርኤል ገበዝ አስረከቡ። ከእትዬ በቀር ለማንም አልተነፈሱም።

«ጭልፋ ሲሉዎት እንኳ?»

«ለሰው ካሳየሁት ለመልአኩ ምኑን ሰጠሁት?»

ከሰዓት ቤ/ክ ሄድኩ። ያኔ የተቀበሏቸው ገበዝ ሞተዋል። አሁን ንብረቱን የሚጠብቁት ቄስ ነገሩን ያውቁታል፤ ሜዳሊያውን አይተውታል። ግን ለታቦት የገባ አይወጣም ልጄ፣ አሉኝ። ቁጥሩን ብቻ ልገልብጥ ብዬ ለመንኳቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጊዜው ከከፋ ወዲህ የዕቃ ቤቱ ንብረት ተሰውሯል፤ መስቀሉም፣ አክሊሉም፣ የስለቱ ዕቃም። የት እንደሆነ አይነገርም። ሰላም ሲሆን ይወጣል። ሰላም መቼ ይሆናል ብዬ አልጠየቅኳቸውም። 

ስመለስ አያ ሽባባው መንገድ ላይ ያዙኝ። የአጎቴ ጎረቤት ናቸው። የአገሩን ለቅሶ ሁሉ ፎክረው የሚያስለቅሱ እሳቸው ናቸው፤ ጦር ሜዳን ግን የሚያውቁት በሬዲዮ ነው።

«ጭልፋ እንዴት ዋለ?»

ደክመዋል አልኩ።

«እንግዲህ እኔ ቀኑ ሲደርስ ምን ብዬ ልፎክርለት? ገዳይ በሽንኩርት፣ ገዳይ በበርበሬ?»

አብረዋቸው የቆሙት ተንከተከቱ። ጥያቸው ሄድኩ። በጣም ያናደደኝ ቀልዱ ማማሩ ነው። ሌላ ሰው ላይ ቢሆን ዓምዴ ላይ አሰፍረው ነበር።

ጥር 21፣ ረቡዕ። ቡሬ።

የማርያም በዓል። አገር ሁሉ ቤ/ክ ነው፤ እኔና እትዬ በሽተኛ እንጠብቃለን። አጎቴ እንቅልፍ ሲወስዳቸው እትዬ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾኩ። ያ ቁስለኛ በሕይወት አለ። አንዳርጌ ይባላል። ከሽንዲ ወዲያ ቆላ ገዳም ገብቶ መንኩሷል። አጎቴ ከዓለም የወጣን ሰው አትነካኩ ብለው ከልክለዋቸዋል።

ለካ አጎቴ አልተኙም ኖሯል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ሂጅ እንግዲህ» አሉኝ። «አትጫኝው ብቻ።»

አያቸዋለሁ። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ተጭነው አያውቁም። ሁሉም የተጫነው በእሳቸው ላይ ነው።

ጥር 24፣ ቅዳሜ። ሽንዲ።

ከገዳሙ ተመልሼ ነው። እግሬ አብጧል። ልቤም።

አባ ወልደ ትንሣኤ ይባላሉ አሁን። ቀጭን፤ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። ከዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ፤ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ጉበቱን፣ ወረቀቱን፣ ጭልፋ የሚለውን ስም። ጣታቸውን በመቁጠሪያው ላይ እያንቀሳቀሱ ሰሙኝ።

«የምትፈልጊው አንዳርጌ ሞቷል ልጄ።»

መጀመሪያ የተሳሳተ ሰው ጋ የመጣሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቀስ ብለው አስረዱኝ። ሲመነኩሱ እንደ ሬሳ ተጋድመው፣ ተገንዘው፣ የሙታን ጸሎት ተደግሞላቸዋል። ፍትሐት የተፈታለት ሰው የዓለም ሙት ነው። ሙት ደግሞ መንግሥት ጽ/ቤት ሄዶ በቀድሞ ስሙ አይፈርምም።

ለመንኳቸው። አለቀስኩ። እርስዎ ሞተው ይህን ዛፍ ያያሉ፣ አጎቴ ግን የምር ነው የሚሞቱት አልኳቸው። ክፉ አፍ! አልተቆጡም። ዛፉን እያዩ፣ የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያወሩ አወሩኝ።

ምሽጉ ከላይ፣ ወጥ ቤቱ ከታች ነበር። የወጥ ቤቱ ሰው ምግብና ውኃ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣል። አድርሶ ባዶውን መመለስ ነው ሥራው። እሱ ግን ባዶ ትከሻ ይዞ መውረድ ነውር መሰለው። ማንም አላዘዘውም። ሲወጣ ጀሪካን፣ ሲወርድ ሰው። ሲወጣ ጀሪካን፣ ሲወርድ ሰው። እንዲህ ሲመላለስ ሰነበተ።

«አንዳርጌም አንዱ ነበር» አሉኝ። «የወጥ ቤቱ ሰው ጀርባ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ገዳም ገብቼም ሽንኩርት ሲሸተኝ እድናለሁ እላለሁ።»

ይህንኑ ይፈርሙልኝ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ለአጎቴ እምነት በወረቀት ቋጥረው ሰጡኝ፤ አመድ። ይዤ የመጣሁት እሱን ነው።

ጥር 27፣ ማክሰኞ። ሽንዲ።

መንገድ ዝግ። ስልክ የለም። ሩቅ ተኩስ ይሰማል። ያደርኩባት ሴትዮ ስለ አማቷ ስታማ ዋለች፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮዬን ቀስሬ እሰማ ነበር። አጎቴ ሳልደርስ ቢሞቱስ? ብደርስስ ምን ይዤ ነው?

ጥር 30፣ ዓርብ። ቡሬ።

ደረስኩ። አጎቴ በሕይወት አሉ። አጥንትና ዓይን ሆነዋል።

የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፈረመ?

አልፈረሙም አልኩ። ምክንያቱን ነገርኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እምነቱን እትዬ ግንባራቸው ላይ ቀቡላቸው። እኔ ዝም ማለት አልችልም፤ ስለ ሽንኩርቱ ነገርኳቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ይሳቁ ያልቅሱ አላወቅኩም፤ ፊታቸውን አላዞሩልኝም።

ማታ እራት ስናቀርብ ጠሩኝ።

«አንች ልጅ። ማኅተሙ የለም። ስለዚህ ስለ ሜዳሊያው—»

«አላነሣም አጎቴ።»

«ማይልኝ።»

«ገብርኤልን!»

በመልአኩ ማልኩ። ሜዳሊያው እሱ ጋ ነው፤ ምስክሩም እሱ ይሁን።

የካቲት 2፣ እሑድ። ቡሬ።

ንጋት ላይ አረፉ። እትዬ ብቻ ነበሩ አጠገባቸው። ልጆቻቸው አልሰሙም፤ ቢሰሙም መንገድ የለም።

አሁን ረፋድ ነው። ጓዳ ጥግ፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ግቢው በሰው ሞልቷል። በአገሩ ደንብ ለቅሶው መሐል የሟች ዕቃ ይወጣል፦ ጠመንጃው፣ በርኖሱ፣ የክብሩ ነገር። የተገኘው አንድ አሮጌ የወታደር ካፖርት ነው። አልጋ ላይ ዘረጉት። ባዶ ሆኖ ያሳፍራል።

አያ ሽባባው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ለወረቀት መሯሯጤን ሰምተው ኖሮ፣ ማኅተሙ መጣ? አሉኝ። አልመጣም። ታዲያ ምን ልበልለት? ጠባያቸውን ስለማውቅ ፊታቸውን አየሁ። እየቀለዱ አልነበረም። የሚሉት ጠፍቷቸው ነው። ብነግራቸው ይፎክሩበታል። ግን መሐላዬ አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ ተነሡ። ወደዚህ ጓዳ ገቡ፤ በአጠገቤ አለፉ፤ ከግድግዳው ላይ አጎቴ ከሠራዊቱ ይዘውት የመጡትን ትልቁን ጭልፋ አወረዱ። ወጡ። ካፖርቱ ላይ፣ ደረቱ ጋ፣ አጋደሙት። ከወንዶቹ መሐል አንዱ ፈገግ ሲል አየሁት። እትዬም አዩት። በአዊኛ አንድ ነገር ተናግረው ተመልሰው ተቀመጡ።

ስሚ ደብተሬ፣ ወሰንኩ። ለቀብሩ የጻፍኩትን ያማረ ታሪክ ቀድጄዋለሁ። መሐላዬን አላፈርስም፤ ሜዳሊያ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ማኅተም ያረፈበት ቃል አንድ ነው፤ እሱን አነባለሁ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ነው፦ አሥር አለቃ ልየው ወጥ ቤት ነበሩ። ሁለተኛው፦ ሲወጡ ጀሪካን ይሸከሙ ነበር፤ ሲወርዱ ሰው።

ደወሉ ተደወለ። የሬሳውን አልጋ እያነሡ ነው። ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ዝም እላለሁ። የሚስቅ ካለ ስቆ እስኪጨርስ ቆሜ እጠብቃለሁ።