የወንዙ ማስጠንቀቂያ ጥርት ብሎ ስለመሰማቱ

ለሁለቱ አገሮች የሬዲዮ ሞገድ ጥራት የጋራ ኮሚሽን፣
ለክቡራን አባላት በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡራንን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጽሕፈት ቤታችሁ ከወንዙ ራቅ ያለ ኮረብታ ላይ በመሆኑ ደኅና እንደምትሆኑ አልጠራጠርም። ከግድቡ በታች የምንኖረውም፣ የተረፍነው ደኅና ነን።

አንደኛ፣ ስለ ጥራቱ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ቀድሞ የእኛና የማዶው ጣቢያ በአንድ ሞገድ ላይ እየተጋፉ፣ ሬዲዮናችን እንደ እርጥብ እንጨት ሲንጣጣ ይውል ነበር። ያም ሆኖ ማዶ ያለው ግድብ ሊከፈት ሲል፣ ከእኛው ጣቢያ «ከወንዙ ራቁ» የሚለውን ጆሯችንን ለጥፈን እንለቅም ነበር። እናንተም በወንድማማችነት መክራችሁ ደካማውን፣ ማለትም የእኛን፣ ዝም አሰኛችሁልን። አሁን የማዶው ጣቢያ ብቻውን፣ እንከን በሌለው ድምፅ፣ በማናውቀው ቋንቋ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ታላቅ ወንድሜ በጀልባ ሰው አሻጋሪ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማዶ የሚጠብቁትን ሰዎች ለማምጣት ሲነሣ ገመዱን እፈታለት ነበር። ከሬዲዮው አንዲት ሴት ረጋ ብላ ተናገረች፤ ደግማም ተናገረች።

«ስማት እስቲ! አጠገቤ ቁጭ ብላ የምታወራኝ እኮ ነው የምትመስለው» አለኝ።

«ምን እያለች ነው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቄ! በዚህ ድምፅ ክፉ ነገር አይነገርም» ብሎ ሳቀና መቅዘፊያውን አነሣ።

እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ብቻ ይመስለን ነበር። ወንድሜ ወንዙ መሃል ሲደርስ ውሃው ደፈረሰ፣ ከዚያም አገሳ። ጮኼ ጠራሁት፤ ዞር እንኳ አላለም። ጀልባውን ከታች፣ ድንጋይ ላይ ተሰባብሮ አገኘነው። እሱን ገና እየፈለግን ነው። ሚስቱ «ማዶ ቀርቶ ነው» ትላለች፤ ምናልባት ስሙን ቢጠሩት ብላ ከሬዲዮው አጠገብ አትጠፋም።

ሦስተኛ፣ አቤት ልል ቢሯችሁ ብመጣ ጸሐፊያችሁ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ «ማስጠንቀቂያው በሰዓቱ ተላልፏል፤ የድምፁም ጥራት ተመስክሮለታል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንከኑ ከእኛ ጆሮ ነው።

የምንለምናችሁ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ በቋንቋችን ትሁን እንጂ ብትንጣጣም ግድ የለንም።

ድምፃችሁ ያለ አንዳች ጉድለት የሚደርሰው፣ ከዝቅታው አንጋጦ እጅ የሚነሣችሁ፣
የጀልበኛው ታናሽ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ይህን አሽጌ ሳልጨርስ ያቺው ሴት ተናገረች፤ ደግማም ተናገረች። የሳሙና ማስታወቂያ ይሁን ሌላ አልለየንም። ልጆቹን አዝለን ወደ እናንተ ኮረብታ እየወጣን ነውና፣ እባካችሁ በሩን ክፈቱልን። ሳሙና ከሆነ ስለ ድፍረታችን ይቅርታ እንጠይቃለን።