በፊልም ሰዓት ስለተሳቀው ሳቅና ከቡድናችን ስለተሰረዘችው ልያ

ለጓድ ሣህሉ
የቀበሌያችን ሊቀመንበርና የስፖርት ውድድሮቻችን ቋሚ ዳኛ
ጅማ

ሰኔ 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣

ጤናዎ እንደ ፊሽካዎ ድምፅ ሳይደክም እንዲሰነብት ከልቤ እመኛለሁ። እኛ በእርስዎ አመራር ደህና ነን፤ አንዳንዶቻችን የጎረቤት ዓይን ማየት ከመቸገራችን በቀር።

የምጽፍልዎት ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሻችን ስለታየው የወዳጅ አገር ፊልም ነው። ሰውና ሥዕል አብረው ስፖርት የሚጫወቱበት፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲስቅ የተሠራ ፊልም መሆኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ጽፌ የለጠፍሁት እኔ፣ የባህልና ስፖርት ኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። “እንዲስቅ” የሚለውን ቃል ረቂቁን አይተው ያጸደቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ማብራሪያዎ። አባት፣ እናትና ሦስት ልጆች የመረብ ኳስ ቡድን አቋቁመው ስድስተኛ ተጫዋች ሲያጡ፣ ትንሿ ልጅ ደብተሯ ላይ የሣለቻት ፍየል ከወረቀቱ ወርዳ ተሰለፈችላቸው። ልጆቻችን ተደንቀው ሳይጨርሱ፣ ፍየሏ የሰፊው ሕዝብ ምሳሌ መሆኗን በድምፅ ማጉያ ስላስረዱን እናመሰግናለን። ፍየሏ ቀጥላ መረቡን መብላት ስትጀምር ማብራሪያውን ስላቋረጡልንም ይበልጥ እናመሰግናለን።

2. ስለ ዳኛው። የፊልሙ ዳኛ፣ እሱም ሥዕል ነው፣ ፊሽካውን ዋጠና በተነፈሰ ቁጥር ከሆዱ ያፏጭ ጀመር፤ ተጫዋቾቹም በየፉጨቱ ቀጥ እያሉ ይቆሙ ነበር። አዳራሹ ጸጥ አለ። እርስዎ ጨዋታ የሚዳኙትም፣ ለስብሰባ የሚጠሩንም፣ የስኳር ሰልፍ የሚያስይዙንም ከአንገትዎ በማይወርደው በዚያው ፊሽካ መሆኑን ለማያውቅ አንባቢ ላስታውቅ። በጸጥታው መካከል አንዲት ሴት ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተለ። መብራት ሲበራ ግን ሁላችንም ኮስተር ብለን ነበር። እንባዋን ስትጠርግ የተገኘችው ወይዘሮ ተስፋነሽ ብቻ ነበረች።

ወይዘሮ ተስፋነሽ ከከምባታ መጥታ በመጋዘን ቡና እየለቀመች የምትኖር፣ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰን ጎረቤቴ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ከተዘጋ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

3. ስለ ሂስና ግለሂሱ። ማክሰኞ ዕለት በስብሰባ ፊት አቁመው የሳቋን ዓላማ ሲጠይቋት፣ ሳቅ መጣብኝና ሳቅሁ፣ ሌላ ዓላማ የለኝም ብላ መለሰች። “ዓላማው ያልታወቀ ሳቅ” ብዬ በቃለ ጉባኤው ያሰፈርሁት እኔ ነኝ። ማን እንደጀመረው ሲጠይቋት ወደ እኔ ዞር አላለችም። እኔም ብዕሬን አየሁ። ቀጥሎ ልጇ ልያ፣ የመረብ ኳስ ቡድናችን አንበል፣ በፊታችን እሑድ ሰቃ ከተማ ላይ ከሚደረገው ግጥሚያ ትሰረዝ የምትሉ እጅ አውጡ ሲሉ እጄን አወጣሁ። ያውም ቀድሜ።

4. ሳቁን የጀመርሁት እኔ ነኝ። ከተስፋነሽ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ነበር። አምልጦኝ ሳቅሁና አፌን በነጠላዬ አፈንሁ፤ ሳቄ ተጋባባት። እሷ ነጠላዋን ለትንሹ ልጇ አልብሳው ስለነበር አፏን የምትሸፍንበት አልነበራትም። የጥፋታችን ልዩነት ይኸው ነው።

ረቡዕ ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ቦኖ ላይ ተገናኘን። እንዴት አደርሽ የኔነሽ ብላ እንስራዬን አሸከመችኝ። በአርባ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ እንደዚያ ጠዋት አፍሬ አላውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልያም ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን ኳስ ከግድግዳችን ጋር ታጋጫለች፤ እኔ በወዲያኛው በኩል ተቀምጬ እሰማለሁ።

ስለዚህ የልያ ስም ወደ ቡድኑ ተመልሶ፣ ቅጣቱ ወደ ባለቤቱ ወደ እኔ እንዲዛወር በትሕትና እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ቡድናችን አምስት ሆኖ ሰቃ መግባቱ ነው። እርስዎ ፍየል መሣል ይችሉ እንደሆነ አላውቅም።

ቀድማ ለወጣችው እጄ በዘገየ ሐፍረት፣ ለፊሽካዎም ከሚገባው አክብሮት ጋር፣

የኔነሽ ከተማ
እስከ ዛሬ ጠዋት የኮሚቴው ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው መስታወት ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉን በሚቀጥለው ስብሰባ በሕዝብ ፊት አስረክባለሁ። ቃለ ጉባኤውንም አስተካክያለሁ። ከሳቁት ሰዎች ዝርዝር አንደኛ የኔን ስም፣ ሁለተኛ የተስፋነሽን አስገብቻለሁ። ሦስተኛው ባዶ ነው። በፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ፊሽካቸውም ደረታቸው ላይ ሲዘል በፊልሙ ብርሃን አይቻለሁ። ስማቸውን እርስዎ እንዲሞሉት ትቼዋለሁ።