ለሃዊ ዘፈን የገዛኋቸው ስፒከሮች

ሰኞ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2011 — አምቦ

ዛሬ ሦስት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ፣ አንድ ክምር ደብተር። ከሰዓት ቤት ገብቼ የሃዊን ዘፈን ጨረስኩ። ጨረስኩ ማለት... ቢያንስ እኔ ወድጄዋለሁ። ኪቦርዱን የተጫወትኩት እኔው ነኝ፤ መግቢያው ላይ ያለችው ዜማ ስትመጣ ለብቻዬ ፈገግ እላለሁ። ምን ላድርግ፣ ሌላ የሚያሞግሰኝ የለም።

ሃዊ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ድምፅ ግን እሷ ጋ ነው ያለው። ጊንጪ ያለ አንድ ባንድ ጠርቷታል፤ አባቷ ኦቦ ዓብዲሳ ካልፈቀዱ አትሄድም። እሳቸው በአይሱዙ ከባኮ አዲስ አበባ በቆሎ ይጭናሉ፤ ቤታቸው የሚገኙት በስንት ጊዜ አንዴ ነው። "መጀመሪያ ልስማው። የሚሰማ ነገር ካለው መርቄ እሸኛታለሁ፤ ከሌለው ፋርማሲዋ ይበቃታል" ብለዋል። ዘፈኑም ለሳቸው የተዘፈነ ነው። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ሰጠኋት፣ ነገ መኪናቸው ውስጥ ይሰሙታል።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ሰሙት። ከጉደር እስከ ባኮ፣ ሁለት ጊዜ።

ሃዊ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ። ምን አሉ? አልኳት። "ከበሮ ሰማሁ፣ ኦርጋን ሰማሁ፣ ልጄን ግን አልሰማኋትም አለ።" ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በአይሱዙ ሞተር ጩኸት ማን ምን ይሰማል ብዬ ልከራከር ስል ባጃጅ አስቁማ ፍላሹን ሰካችው። እስከ ገበያው ድረስ ሰማነው። እውነታቸውን ነው። አንድ ቃል አይለይም።

ቤቴ ግን ጥርት ብሎ ነበር እኮ! ምን ነካው?... ስፒከሬ ነው። ያ ትልቁ የቴፕ ስፒከር ሁሉን ያሳምራል። እንደ ሰርግ አሞጋሽ ነው፣ ፉንጋውንም ቆንጆ ይላል። ሃዊ ስትሄድ እንዲህ አለችኝ፦ "ኅዳር ዘጠኝ እሑድ አባዬ እረፍት ነው። ያን ቀን ካልሰማኝ ባንዱ ሌላ ሰው ይወስዳል።"

አንድ ወር አለኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 11

ባይሳ ሱቅ ሄድኩ። አብሮ አደጌ ነው፤ ስልክም ስፒከርም ይሸጣል። ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ መብራቱ ቀይ ሰማያዊ የሚል ነገር አወጣልኝ። ሲከፍተው የመስታወት መደርደሪያው ተንቀጠቀጠ።

"ቤዝ የሌለው ስፒከር ጨው የሌለው ወጥ ነው። ይሄን ቤትህ ብታስገባ ከጉደር ይሰማል።"

"ከጉደር እንዲሰማ አይደለም የምፈልገው። ስህተቴን እንዲነግረኝ ነው።"

"ስህተትህን የሚነግርህ ከፈለግህ ሚስት አግባ።"

ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ሞኒተር የሚባል አለ፣ ድምፅን ሳያሳምር እንዳለ የሚያሰማ፣ ስቱዲዮ የሚጠቀሙበት ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። "ሳያሳምር? ታዲያ ማን ይገዛዋል?" አለኝ። እኔ እገዛዋለሁ። ለሶፋ ያስቀመጥኩት ብር አለ፤ እንግዳ አልጋ ላይ ይቀመጣል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

አዲስ አበባ ደርሼ መጣሁ። ወገቤ...

ሻጩ ሶፎንያስ ይባላል። ቀጭን፣ የማይቸኩል ሰው። በእኔ አቅም የሚሆኑ ሦስት ጥንድ ደረደረልኝ፦ ሦስት ኢንች፣ አምስት ኢንች፣ ያገለገለ ስምንት ኢንች። ዓይኔ ስምንቱ ላይ ቀረ። ግርማ አለው፣ ዋጋውም ከአምስቱ ብዙ አይርቅም።

"ክፍልህ ስንት በስንት ነው?" አለኝ።

"ሦስት በሦስት።"

"እንግዲያ ይሄን እርሳው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ቤዙ መውጫ ያጣል። ያታልልሃል።"

የምታውቀውን ዘፈን ስጠኝ ሲለኝ የሃዊን ሰጠሁት። ሦስቱ ኢንች ላይ ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ስምንቱ ላይ ደስ አለኝ፣ ኪቦርዴ እንዴት አምሮ! አምስቱ ላይ... አፈርኩ። ሁሉም በአንድ በር ለመግባት እንደሚጋፋ ሰው ነው። ሶፎንያስ ፊቴን አየና "ደስ ያሰኘህን አትግዛ፣ ያሳፈረህን ግዛ" አለኝ። ገዛሁ። ከግድግዳ አርቃቸው፣ ከጆሮህ እኩል ይሁኑ ብሎ መከረኝ።

የሚኒባሱ ረዳት ለካርቶኖቹ የሰው ሂሳብ አስከፈለኝ። እስከ አምቦ አጠገቤ ተቀምጠው መጡ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

ማስቀመጫ የለኝም። አከራዬ እትዬ እንቁ ፊት ለፊት ግሮሰሪ አላቸው፤ ስድስት ሳጥን ባዶ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አዋሱኝ። ሦስት ሦስት ደርቤ ስፒከሮቹን ከላይ አስቀመጥኩ። ዱካ ላይ ስቀመጥ ልክ ጆሮዬ ጋ። እንዲህ ነው እንጂ ብልሃት!

ግን ቤዙ አንድ ቦታ ሲደርስ ዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ይሄ ምንድን ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዝዝዝ። ገመድ ቀየርኩ። ሶኬት ቀየርኩ። ስፒከሮቹን ቦታ አቀያየርኩ። ዝዝዝ።

ሶፎንያስ ሸወደኝ ማለት ነው? ያ ሁሉ ትሕትና?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ተሸክሜ መለስኳቸው። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነበር። ሶፎንያስ ንግግሬን ሳልጨርስ ሰካቸው፣ የሃዊን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወተ። ዝዝዝ የለም። ደገመው። የለም። "ምናልባት መብራታችሁ ይሆናል" አለኝ፣ እንዳላፍር ብሎ።

በመመለሻ ያው የባለፈው ረዳት ገጠመኝ። ካርቶኖቹን አይቶ "እነዚህ ሰዎች ዛሬም መጡ?" አለ። ሂሳባቸውን ከፈልኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 25

ይሄን ለማንም አላወራም።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስፒከሮቹን ሳጥኖቹ ላይ መልሼ ከፈትኩ። ዝዝዝ! ራሴን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ እትዬ እንቁ ገቡ። "ሳጥኖቼን። ነገ የውሃው መኪና ይመጣል፣ ባዶውን አስረክቤ ሙሉውን ልቀበል ነው።" ምርመራ ላይ ነኝ አልኳቸው። "ምርመራህን መሬት ላይ አድርግ" ብለው ስፒከሮቹን አልጋዬ ላይ አጋደሟቸውና የመጀመሪያውን ሳጥን ብድግ አደረጉ።

ዘፈኑ ገና ይጫወታል። ዝዝዝ ግን የለም።

"እትዬ እንቁ፣ እስኪ እሱን ሳጥን ይመልሱልኝ።" መለሱት። ስፒከሩን ከላይ ጫንኩ። ዝዝዝ። አነሳሁት። ፀጥ። ስድስት ሳጥን ጠርሙስ! ቤዙ በመጣ ቁጥር አብረው የሚንጫጩት እነሱ ናቸው። እኔ ደግሞ ይሄንኑ፣ ሬዞናንስን፣ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ገና በዚህ ወር ነው። በጠርሙስ! አፉ ላይ እየነፋሁ!

እትዬ እንቁ ወገባቸውን ይዘው አዩኝ። "ጠርሙስ እንደሚንጫጫ የማያውቅ አስተማሪ። ልጆቹን እግዚአብሔር ይርዳቸው" ብለው ወጡ። ለዚህ ነው አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ።

አሁን ስፒከሮቹ ብሎኬት ላይ ናቸው፣ ከሥራቸው አሮጌ ብርድ ልብስ አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

አሁን ሁሉም ይሰማል። ሁሉም... ባልሰማሁት ይሻል ነበር።

ሃዊን የሸፈናት ከበሮው አይደለም። እኔ ነኝ። እሷ ቃል ስትጀምር ኪቦርዴም ይጀምራል። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ እኔ አላርፍም፣ እዚያች ክፍተት ላይ ጣቴን አስገባለሁ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ። ሰው ለአባቱ ሲናገር መሀል ገብቶ እንደሚለፈልፍ ጎረቤት ሆኛለሁ።

ቀነስኩት። አልበቃም። ደግሜ ቀነስኩት። በመጨረሻ አጠፋሁት፣ የመግቢያዋን ዜማም ጭምር። ስፒከሮቹን መልሼ ልሸጣቸው አማረኝ፣ እውነቴን ነው። የቀረው ክራር፣ ለስለስ ያለ ከበሮ፣ ከሥር ቀጭን ቤዝ፣ ከዚያ ሃዊ ብቻ።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ባጃጅ ውስጥ ሞከርኩት፣ ቃሉ ይሰማል። ባይሳ ሱቅ መብራት በሚያበራው ጉድ ላይ ሞከርኩት። "ቤዙ የት ሄደ?" አለኝ። ደንበኛ ሲጠይቀው በእጁ ቆይ አለው። ሲያልቅ "ሃዊ ናት እንዴ? የኛዋ ሃዊ?" አለ። አብረን ነው ያደግነው፣ ድምፅ እንዳላት ዛሬ ነው ያወቀው።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ኦቦ ዓብዲሳ መጡ። አይሱዙውን እትዬ እንቁ በር ላይ አቆሙት። ሃዊ አብራ አልገባችም፣ አልችልም ብላ በሩን ገርበብ አድርጋ ውጭ ቆመች።

"አካም ጂርታ ሮቤራ?" ብለው በስሜ ጠርተው ሰላም አሉኝ፤ ደኅና መሆኔን ነገርኳቸው። ስፒከሮቹን አዩ። "እነዚህ ናቸው? ከመኪናዬ ስፒከርም ያንሳሉ።" ዱካዬ ላይ አስቀመጥኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከፈትኩት። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ስንኝ መሬት መሬት እያዩ ሰሙ። ሁለተኛው ላይ ቀና አሉ። ቤታቸው አስፋልት ዳር ነው፣ ሃዊም በኦሮምኛ የምትላቸው ይሄንኑ ነው፦ አባ ኮ፣ አባቴ፣ በቤታችን በር ስታልፍ የመኪናህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጭነት ይዘሃል፣ አትቆምም። ግን ዞር ብለህ ታያለህ ወይ?

እዚህ ጋ ትንፋሽ ትወስዳለች። ኪቦርዴ የነበረበት ቦታ ነው። ፀጥ አለ።

ኦቦ ዓብዲሳ ወደ ግራው ስፒከር ጎንበስ አሉና "ኤዬ፣ አያለሁ እንጂ" አሉት። "ሁልጊዜ ነው የማየው። መብራቱ ጠፍቶ ከሆነ ክላክስ አላደርግም፣ እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው።"

እኔ ክፍሉ ውስጥ መኖሬን የረሱት መሰለኝ። ሃዊ ግን በር ላይ ሆና ሰምታለች። ገባች፣ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። "ጊንጪ መንገዴ ነው፣ እኔው አደርስሻለሁ" አሏት።

ዘፈኑ ገና አላለቀም ነበር። እነሱ ግን ማውራት ጀምረዋል። ድምፁን ቀነስኩትና ወጣሁ።