ግራ ጉንጭሽ

እማዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ሊሞላሽ ነው። አባዬ ደህና ነው፤ የሚቆጣው ስለሌለ ሻዩ ላይ ስኳር ያበዛል። የየካ አባዶ የታክሲ ሰልፍም እንደተውሽው ነው። እኔም ኦሎምፒያ ወደሚገኘው ሥራዬ ስሄድ ሳላስበው በግራ በኩል መስኮቱ ሥር እቀመጣለሁ።

ያ ያንቺ ቦታ ነበር። ልጅ ሳለሁ ውጭውን ማየት የምትወጂ ይመስለኝ ነበር። ለካ በልጅነትሽ የላምባ ምድጃ ፈንድቶ ያቃጠለውን ግራ ጉንጭሽን ወደ መስታወቱ ለማዞር ኖሯል። ቦታው ከተያዘ፣ ቢረፍድብንም ታክሲውን ታሳልፊው ነበር። ነጠላሽ በሙቀትም ከጉንጭሽ አይወርድም። ሰው ሲያፈጥብሽ ትችይዋለሽ፤ ከንፈር ሲመጥልሽ ግን ቤት ገብተሽ እራትም አትበዪም።

አንደኛ ክፍል ሳለሁ ከትምህርት ቤት ልትወስጂኝ መጣሽ። አንዲት ጓደኛዬ አይታሽ አለቀሰች። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አንቺ ግን ተንበርክከሽ ነጠላሽን አወረድሽ፤ እጇን ጉንጭሽ ላይ አድርገሽ፣ ንኪው፣ አሁን አያቃጥልም አልሻት። ነካችውና ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ነጠላሽ ትከሻሽ ላይ ዋለ። አንዷ ታክሲ ውስጥ፣ እኔን! ምን አግኝቶሽ ነው ብላ ከንፈሯን ስትመጥ፣ እኔስ ድኛለሁ፣ አንቺ አይዞሽ ስትያት ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዳንድ ቀን ግን መልሰሽ መስኮቱ ሥር ትሸጎጫለሽ። ሁልጊዜ ጀግና መሆን ይደክማል። ደክሞሽም በማግስቱ ፊትሽን ገልጠሽ መውጣትሽን ሳስብ፣ እንዳንቺ ያለ ደፋር አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ለሙት ዓመትሽ ፎቶሽን በትልቁ ላሳጥብ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ደግ ያደረገ መስሎት ጠባሳሽን በኮምፒውተር አጥፍቶ ሰጠኝ። ቆንጆ ነበርሽ። ልቤ ለሁለት ተከፈለ፤ ያን ሁሉ ዓመት ስትሸፍኚው የኖርሽው ነገር ጠፍቶ ብታዪ ደስ ይልሽ ይሆን እንዴ? ለአባዬ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየውና፣ ይቺ ማን ናት አለኝ።

በነጋታው መልሼ አሠራሁት። አሁን ፎቶሽ ሳሎናችን ውስጥ በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ ግራ ጉንጭሽም አለ። አልረሳሽም እማዬ፤ የማስታውሰውም ሙሉ ፊትሽን ነው። ለሙት ዓመትሽ መጥታ፣ ፎቶሽን አይታ ከንፈሯን የምትመጥ ካለች፣ እሷስ ድናለች፣ አንቺ አይዞሽ እላታለሁ።

ልጅሽ