ሁለተኛው መርፌ

ይድረስ ለእትዬ ማናዬ፤

የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት አድርጎዎታል? እኛ መካኒሳ ያለነው በአቦ ጠባቂነት ደህና ነን። ፊደሌ ትልልቅ የሆነው ዓይኔ ስለደከመ ነው።

ወንድምዎ ደምሰው ያው እንደሚያውቁት ነው። ስኳር ከያዘኝ ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በየጠዋቱ መርፌዬን የሚወጋኝ እሱ ነው። ሐኪሟ ሳትቀር «እስካሁን ያቆየዎት የባልዎ እጅ ነው» ትለኛለች።

ዛሬም ወጋኝና ቁርስ በላን። ሳህኑን ሳላነሳ ሌላ መርፌ ይዞ መጣ። «ወግተኸኛል እኮ» ስለው፣ «ብርነሽ፣ እኔ ረስቼ አውቃለሁ?» ብሎ ፊቱ ልውጥ አለ። ማስከፋት አቃተኝና ክንዴን ሰጠሁት። ከዚያ ላብ እያጠመቀኝ ጓዳ ገብቼ ስኳር በማንኪያ ቃምኩ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዬ ነው።

ለልጆቹ እንዳይነግሩብኝ፤ እሱ ደህና ነው። ብቻ ፋሲካን ሳይጠብቁ ብቅ ቢሉልን ደስ ይለናል። ነገም ቢሆን።

ደምሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሰላምታውን እያጻፈኝ ነው። ለእርስዎ፣ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ ለባለቤትዎ ለጋሽ አባይነህ ናፍቆቱን ይገልጻል። አምና መቃብራቸው ላይ አፈር ሲመልስ የዋለው እሱ ነበር። እኔም እንዳለኝ ጻፍኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አክባሪዎ ብርነሽ