የግዢ ኃላፊያችን የወይዘሮ አክፔኔ ዶትሴ ዕረፍትና የቀብራቸው ቀን መለወጥ

ለማኅበሩ አባላትና ሠራተኞች፣ ለአቪኮፔ ከተማ ነዋሪዎች፣ ለወዳጆቻችን በሙሉ

የአቪኮፔ ግንበኞችና ተቋራጮች ማኅበር የግዢ ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ አክፔኔ ዶትሴ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጃንዋሪ 28 ቀን፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማኅበራችን በእሳቸው ማለፍ የተሰማው ሐዘን ከባድ ነው። በሐዘኑ ላይ እፍረት ተጨምሮበታል። የእፍረቱን ምክንያት ከዚህ በታች እንገልጻለን፤ ከተማው አስቀድሞ ስለሰማው መደበቁም አይጠቅመንም።

ወይዘሮ አክፔኔ የተወለዱት እዚሁ አቪኮፔ፣ በዓሣ አጥማጆች ሠፈር ነው። የተወለዱበትን ቤት ባሕሩ ወስዶታል። ማኅበሩን የተቀላቀሉት እ.ኤ.አ. በ2006 በመጋዘን ጸሐፊነት ሲሆን፣ ያን ጊዜ አባላት በሙሉ ለብሎኬትም ለልስንም የሚሆነውን አሸዋ ከባሕሩ ዳር ይጭኑ ነበር። ቅርብ ነው፣ ከልካይ የለውም፣ ከአካፋና ከገልባጭ መኪና በቀር የሚጠይቀው ነገር አልነበረም።

በ2009 የግዢ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ ያወጡት የመጀመሪያው መመሪያ በማኅበሩ ስም ከባሕር ዳር አንድ አካፋ አሸዋ እንኳ እንዳይገዛ የሚከለክል ነበር። ምክንያታቸውን በሁለት መስመር ጽፈውታል። ጨዉ በአርማታው ውስጥ ያለውን ፌሮ ይበላል፤ አሸዋው በተዛቀ ቁጥር ደግሞ ባሕሩ ወደ ከተማው ይገባል። በምትኩ ወደ ሰሜን ርቆ ከሚገኝ፣ ፈቃድ ካለው የአሸዋ ጉድጓድ ጋር ውል ገቡ። በውሉም መሠረት የተቆፈረው ሁሉ ተመልሶ ይሞላል፣ ዛፍም ይተከልበታል። ዛሬ በዚያ ቦታ የማንጎ ጥላ አለ።

በዚያው ዓመት ከመቃብር ቦታው አጥር እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በእርምጃቸው ለክተው በቢሮው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጃንዋሪው ሳያስታጉሉ ለክተዋል። ዘንድሮ እግራቸው እሺ ስላላላቸው ታናሽ እህታቸው ወይዘሮ ፋፋሊ ቆጥረው ነገሯቸው። ስልሳ አንድ እርምጃ።

በ2011 አንዳንድ አባሎቻችን የባሕሩን አሸዋ በግቢያቸው ከምረው፣ አንድ የዝናብ ወቅት ካሳለፉበት በኋላ «ታጥቧል» እያሉ ከጉድጓዱ የመጣ አስመስለው ማቅረብ ጀመሩ። ወይዘሮ አክፔኔ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ክምሩ ውስጥ አስገብተው፣ ከውስጥ ቆንጥረው አውጥተው በምላሳቸው ይቀምሱ ነበር። ትልቅ ትንሹ በአገሬው ቋንቋ ታላቅ እህትን እንደሚጠሩት «ዳቪ» ነበር የሚላቸውና፣ ሾፌሮች «ዳቪ፣ ዛሬም ቁርስ ሳይበሉ ነው የመጡት?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። «በልቻለሁ። ያንተው ግን ጨው በዝቶበታል፤ መልሰህ ጫነው» ይሉ እንደነበር የመጋዘኑ ሠራተኞች ያስታውሳሉ። አሸዋው ታጥቧል ብለው ለተከራከሩ አባላት የሰጡት መልስም በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ «ላዩን ዝናቡ አጠበው እንበል። ውስጡን ማን አጠበው?»

በ2014 ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ግንባታ የመጣ አሥራ አንድ መኪና አሸዋ አንቀበልም ብለው መለሱ። ሥራው ቆመ፣ ጠቅላላ ጉባኤም ተጠራ። በወቅቱ ምክትል ሊቀመንበር የነበሩት፣ ዛሬ ሊቀመንበራችን የሆኑት አቶ ዎርላኒዮ ክፖዶ ተነሥተው «ልጆቹ ዛፍ ሥር ይማራሉ፣ እርስዎ እዚህ አሸዋ ይልሳሉ! ኧረ እባክዎ ያሠሩን!» ማለታቸው ተመዝግቧል። ጉባኤው ሳቀ፤ ቀጥሎም በድምፅ ብልጫ አሸዋው ሥራ ላይ እንዲውል ወሰነ። ከአራት ዓመት በኋላ የሦስተኛው ክፍል ቢም ተሰንጥቆ ወደቀ። ልጆቹ ለዕረፍት ወጥተው ስለነበር ሰው አልተጎዳም። በስንጥቁ ውስጥ የታየው ፌሮ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር።

ወይዘሮ አክፔኔ ያን ቀን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ለጥገናው የሚያስፈልገውን ዕቃ ዝርዝር ጽፈው በማግሥቱ አቀረቡ። ማኅበሩ ይቅርታ አልጠየቃቸውም። ይህ መግለጫ ያንን ይቅርታ የያዘ የመጀመሪያው ጽሑፋችን ነው፤ የሚያነቡት ግን እሳቸው አይደሉም።

በ2019 የደን ጽሕፈት ቤት ማኅተም የሌለው ጣውላ ወደ መጋዘን እንዳይገባ አድርገዋል። ይህ መመሪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አሁን ወደ ሰሞኑ ጉዳይ እንመለስ። በማኅበራችን ልማድ አባል ሲሞት መቃብሩን የሚገነቡት አባላት ናቸው፤ ሲሚንቶውን አንዱ፣ ፌሮውን ሌላው፣ አሸዋውን ሌላው ያመጣል፣ ቤተሰቡ ምንም አይጠየቅም። ወይዘሮ አክፔኔ ከእናታቸው ጎን፣ በባሕሩ አቅጣጫ ባለው የመቃብር ቦታ እንዲያርፉ ተናዝዘው ነበር። ቀብሩ ለቅዳሜ ማርች 1 ቀን ተቆርጦ፣ ሐሙስ ዕለት ሁለት መኪና አሸዋ ቀረበ። ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ከክምሩ ላይ በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰና «ደህና ነው» ብሎ ፈረመ።

ዓርብ ጠዋት ሲሚንቶ ማቡካት ሊጀመር ሲል ወይዘሮ ፋፋሊ ለግንበኞቹ ውሃ ይዘው መጡ። ክምሩን አይተው የሐዘን ልብሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፤ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ከውስጥ አወጡና ቀመሱ።

«ይሄ ባሕር ነው» አሉ። «እህቴን በዚህ አትቀብሯትም።»

ከግንበኞቹ አንዱ «ዳቪ፣ ለመቃብር እኮ ነው፤ ማን ሊኖርበት ነው?» አላቸው።

«እሷ ናታ!» አሉ ወይዘሮ ፋፋሊ። ከዚያ በኋላ አካፋ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ሥራ አስፈጻሚው ባደረገው ማጣራት፣ አሸዋው ከሁለት ዓመት በፊት ከመቃብር ቦታው ግርጌ ካለው ዳርቻ የተዛቀና በአንድ አባል ግቢ ተከምሮ የቆየ መሆኑን አረጋግጧል። አባሉ ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለፈበት ታጥቧል ብለው ከልባቸው አምነው እንዳመጡት፣ ለዳቪ አክፔኔ ክብርም ከሁሉ ቀድመው ማቅረብ እንደፈለጉ ተናግረዋል። እናምናቸዋለን። የሚያስጨንቀንም ይኸው ነው፤ ወይዘሮ አክፔኔ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲነግሩን ቆይተው፣ ክፋት የሌለበት ሰው እንኳ የእናታቸው መቃብር የቆመበትን አፈር ዝቆ ለእሳቸው መቃብር አመጣላቸው። የአባሉ ስም በዚህ መግለጫ ግርጌ ይገኛል።

ስለዚህ አሸዋው በመጣበት መኪና ወደ ዳርቻው ተመልሷል፤ ቀብሩም ወደ ቅዳሜ ማርች 8 ቀን ተዛውሯል። ከሩቅ መጥታችሁ ለተጉላላችሁ ወዳጅ ዘመዶች ይቅርታ እንጠይቃለን።

ለወይዘሮ ፋፋሊ ዶትሴና ለመላው ቤተሰብ፣ ለግዢ ክፍል ባልደረቦቻቸው፣ በሰሜን ላሉት የጉድጓዱ ሠራተኞች መጽናናትን እንመኛለን። የሟችን ነፍስ እግዚአብሔር በሰላም ያሳርፍልን።

አዲሱ አሸዋ ከጉድጓዱ ሐሙስ ይደርሳል። ሲሚንቶ ከመቦካቱ በፊት አባላት በሙሉ በማግሥቱ ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በመቃብር ቦታው ተገኝተው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው እንዲቀምሱ ማኅበሩ ያዛል። መጨረሻ የሚቀምሱት ወይዘሮ ፋፋሊ ናቸው። እሳቸው እሺ ካላሉ ሥራው አይጀመርም።

በማኅበሩ ስም፣

ዎርላኒዮ ክፖዶ
ሊቀመንበር፣ አሸዋውን ያመጣሁት