ሰላም ሳይል የገባው ሌባ

ስንድዬ፣ «ጓዜን ጠቅልዬ አንቺ ጋ ፖርት ኦፍ ስፔን ከመምጣቴ በፊት እዚያ የሌባ ነገር እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ» ብለሽኝ ነበር። ትናንት አከራዬ ሚስ ኦርሊን የካላሉ ጎመኗን ስታማስል አንዱ ሌባ ቢላዋ ይዞ ማድቤት ዘው አለ። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

«አንተ ስድ! ሰው ቤት ሲገባ እንደምን ዋላችሁ አይባልም? ውጣና እንደ ሰው ግባ!» ብላ አምባረቀችበት።

«ይቅርታ እማማ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሩን ከኋላው ቀረቀረችው።

ከውጭ «እንደምን ዋላችሁ?» ሲል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን!» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች፤ እሱም መንገዱን ቀጠለ። እንደኛ ከልጅ እስከ ከብት ቢጠያየቁማ ፖሊስም ይደርስ ነበር።

እንግዲህ ጠንካራ ቁልፍ ይዘሽ ነይ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እትዬ ዘነቡን ሰላም በይልኝ። እዚህ እንኳን ወዳጅ፣ ሌባም ሰላም ሳይል አይሄድ!

ውባለም